ቻይና ቢሮ ገብቶ ኢንተርን ለመሆን፦ ከአሜሪካ ለሚነሳ ተማሪ

ሰሞኑን ሁለት ልጆች አማከሩኝ። ሁለቱም አሜሪካ ያደጉ፣ ሁለቱም ኮሌጅ ሦስተኛ ዓመት ናቸው። ሁለቱም ለሰመር ቻይና ኢንተርንሺፕ፣ ማለትም የሥራ ልምምድ፣ አግኝተዋል። አንዷ «ቢሮ ምን ለብሼ ልሂድ?» አለችኝ። ሌላው «ቻይንኛ አልችልም፣ እንዴት ልሆን ነው?» አለኝ። እኔ ደግሞ ቪዛችሁ ምን ዓይነት ነው ብዬ ጠየቅኳቸው። ሁለቱም ዝም አሉ።

ልብሱም ቋንቋውም ይደረስበታል። ወረቀቱ ግን ከሄዱ በኋላ ላስተካክለው ቢሉት እሺ አይልም። ይሄን የምለው ከራሴ ተነስቼ ነው። ሻንጋይ አንድ አነስተኛ የሎጂስቲክስ ቢሮ ውስጥ አሥር ሳምንት ሠርቻለሁ። ከዚያ በፊት ግን ቦታውን ያገናኘኝ ሰው «በቱሪስት ቪዛ ና፣ ሁሉም እንደዛ ነው የሚያደርገው» ብሎኝ ትኬት ልቆርጥ ደርሼ ነበር። ያስቆመችኝ የዩኒቨርሲቲዬ የውጭ ትምህርት ቢሮ ሠራተኛ ናት። ቪዛው በሥርዓቱ እስኪወጣ ሦስት ሳምንት ዘገየሁ። በጊዜው ተናድጄ ነበር፣ አሁን ሳስበው ግን እግዜር ይስጣት።

በነገራችን ላይ ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው፣ ሰዓቱን ግን በእኛ አቆጣጠር።

በመጀመሪያ ቪዛው

የቻይና ቪዛ በፊደል ነው የሚለየው። ኤል ለቱሪስት ነው። ኤም ለንግድ ጉዳይ ነው። ኤፍ ለልውውጥና ለጉብኝት ነው። ኤክስ 1 ከ180 ቀን በላይ ለሚማር፣ ኤክስ 2 ከዚያ በታች ለሚማር ነው። ዜድ የሥራ ቪዛ ነው። ኤስ 2 ደግሞ ለአጭር ጊዜ የግል ጉዳይ ነው። እዚህ ዝርዝር ውስጥ «ኢንተርን» ተብሎ ለብቻው የተሰየመ ፊደል የለም። ችግሩ ሁሉ የሚመጣው ከዚህ ነው። ክፍተቱን ያዩ ደላሎች ለእነሱ የቀለላቸውን ፊደል ይሰጧችኋል፣ ቢያዝ የሚያዘው ግን የእናንተ ስም ነው።

ዜድ ለአብዛኛው ተማሪ አይሆንም፣ ምክንያቱም በመደበኛው መንገድ የመጀመሪያ ዲግሪና የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ይጠየቅበታል። ስለዚህ ንጹሕ የሆነው መንገድ ብዙ ጊዜ በትምህርት በኩል ያለው ነው። ማለትም አንድ ቻይና ያለ ዩኒቨርሲቲ ይቀበላችኋል፣ ኢንተርንሺፑ የፕሮግራሙ አካል ይሆናል፣ ቪዛችሁ ኤክስ ይሆናል፣ ትምህርት ቤቱም ቢሮ ገብታችሁ እንድትሠሩ በጽሑፍ ይፈቅዳል። ኤክስ ይዞ ያለፈቃድ ቢሮ መግባት ራሱ ጥፋት እንደሆነ ልብ በሉ። የተማሪ ቪዛ ስላለኝ እንደፈለግኩ እሠራለሁ ማለት አይቻልም፣ ፈቃዱ ከትምህርት ቤቱ አልፎ ኢሚግሬሽን ጋ መመዝገብ አለበት።

ቅጣቱን ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው «ምንም አይሉህም» ሲል ሰምቻለሁ። ከጁላይ 1 ቀን 2013 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው የመግቢያና መውጫ አስተዳደር ሕግ መሠረት ያለፈቃድ የሠራ የውጭ ሰው ከ5,000 እስከ 20,000 ዩዋን ይቀጣል። ነገሩ ከበድ ካለ ከ5 እስከ 15 ቀን መታሰርም አለ። ቀጣሪው ለእያንዳንዱ ሰው 10,000 ዩዋን ይከፍላል፣ ጣሪያው 100,000 ነው። ለድርጅቱ ይህ ብር ነው። ለሃያ ዓመት ልጅ ግን ፖሊስ ጣቢያ ነው፣ አገር ልቀቅ መባልም ሊከተለው ይችላል።

ሁለት ነገር እዚህ ጋ ይምታታል። አንደኛው የ10 ዓመቱ ቪዛ ነው። ከኖቬምበር 2014 ጀምሮ ለአሜሪካ ዜጎች የቱሪስትና የንግድ ቪዛ እስከ 10 ዓመት ይሰጣል። አባትህ ያንን ይዞ በየዓመቱ ዕቃ ሊያመጣ ቢመላለስ፣ አንተም ያንኑ ይዘህ ቢሮ ትገባለህ ማለት አይደለም። ሁለተኛው በዲሴምበር 2024 ወደ 240 ሰዓት ከፍ ያለው ያለቪዛ ትራንዚት ነው። እሱ ወደ ሦስተኛ አገር ለሚያልፍ መንገደኛ ነው፣ ለሥራ አይሆንም።

በግሪን ካርድ ያላችሁ ደግሞ ይሄን አስተውሉ። ቪዛው የሚሰጠው በያዛችሁት ፓስፖርት ነው። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ልጅ ለአሜሪካ ዜጋ የተጻፈውን መመሪያ አንብቦ ቢሄድ ይሳሳታል፣ የ10 ዓመቱም የ240 ሰዓቱም ጉዳይ እሱን አይመለከተውም።

እንግዲህ ቦታውን የሚያገናኛችሁን ሰው በኢሜይል ምን ብላችሁ ትጠይቃላችሁ? ሦስት ጥያቄ ይበቃል። በየትኛው የቪዛ ፊደል ነው የምገባው? የመጋበዣ ደብዳቤውን የሚጽፈው ማን ነው፣ ስሙና የምዝገባ ቁጥሩስ? ቢሮ እንድሠራ የሚፈቅደው ወረቀት የትኛው ነው? መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ። በስልክ ብቻ የሚመልስ ሰው ካጋጠማችሁ ጥያቄውን ራሳችሁ በኢሜይል ጻፉና «እንዲህ ብለኸኛል፣ ልክ ነኝ?» በሉት። እኔ ይሄንን ጽፌ በላክኩ ጊዜ ነው ያ ደላላ የጠፋው።

ማመልከቻው ኦንላይን ይሞላል። ከዚያ እንደምትኖሩበት ስቴት በዋሽንግተኑ ኤምባሲ ወይም በኒውዮርክ፣ ቺካጎ፣ ሎስ አንጀለስና ሳን ፍራንሲስኮ ቆንስላ ታስገባላችሁ። የሂዩስተኑ በጁላይ 2020 ተዘግቷል። ቴክሳስ ያላችሁ የድሮ መመሪያ አንብባችሁ እዚያ እንዳትሄዱ።

ቦታውን ማግኘት

በ2018/19 ቻይና የሚማሩ አሜሪካውያን ከ11,000 በላይ ነበሩ። ከኮቪድ በኋላ ቁጥሩ ወደ ጥቂት መቶ ወረደ። በኖቬምበር 2023 ሺ ጂንፒንግ ሳን ፍራንሲስኮ መጥተው በአምስት ዓመት 50,000 ወጣት አሜሪካውያንን እንጋብዛለን ብለዋል። በሩ ክፍት ነው፣ ግን የለመደው ሰው ጥቂት ነው። ይህ ለእናንተ ምን ማለት ነው? የምትገቡበት ቢሮ አሜሪካዊ ኢንተርን ተቀብሎ ላያውቅ ይችላል። የሰው ኃይል ክፍሏ ልጅ ስለ ቪዛ ከእናንተ ያነሰ ልታውቅ ትችላለች። እሷ ታውቃለች ብላችሁ አትቀመጡ።

የመጀመሪያው በር የራሳችሁ ዩኒቨርሲቲ ነው። ከዚያ ቻይና ውስጥ የአሜሪካ እግር ያላቸው ትምህርት ቤቶች አሉ፦ ኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ሻንጋይ፣ ዱክ ኩንሻን፣ ከ1986 ጀምሮ ያለው የሆፕኪንስ ናንጂንግ ማዕከል። እነሱ ጋ ለአንድ ሴሚስተር መግባት ከቻላችሁ ኢንተርንሺፑ ከነፈቃዱ የሚሳካበት ዕድል ሰፊ ነው። የአሜሪካ ንግድ ምክር ቤት በሻንጋይም በቤጂንግም አለ፣ የአባል ድርጅቶቹን ስም ማየት ራሱ ማን እንግሊዝኛ ተናጋሪ ሊፈልግ እንደሚችል ይጠቁማችኋል። የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት የተማሪ ኢንተርንሺፕም አለ፣ ኤምባሲና ቆንስላ ውስጥ ማለት ነው፣ ለእሱ ግን የደኅንነት ማጣሪያ ስላለ ከብዙ ወር በፊት ማመልከት ያስፈልጋል።

ሊንክድኢን ላይ ብቻ አትንጠልጠሉ። ለቻይና ለብቻው ያወጣው መተግበሪያ በኦገስት 2023 ተዘግቷል። የቻይና ልጆች ቦስ ጂፒን እና ሺሺሰንግ የሚባሉትን ነው የሚጠቀሙት። ሁለቱም በቻይንኛ ናቸው፣ አንብቦ የሚረዳችሁ ጓደኛ ያስፈልጋል።

ገንዘብ ተቀብለው የሚያገናኙ ድርጅቶች አሉ። አንዳንዶቹ ጥሩ ናቸው። ብዙ ሺህ ዶላር ከመክፈላችሁ በፊት ግን የምትሠሩበትን ድርጅት ስም በቻይንኛ ጠይቁ። ማንኛውም ሕጋዊ የቻይና ድርጅት ባለ 18 አሃዝና ፊደል የምዝገባ ቁጥር አለው። ቲየንያንቻ ወይም ቺቻቻ በሚባሉት ድረ ገጾች ላይ ቁጥሩን አስገብቶ መቼ እንደተቋቋመ፣ ባለቤቱ ማን እንደሆነ፣ ክስ እንዳለበት ማየት ይቻላል። «ስሙን ገንዘብ ከገባ በኋላ እንነግራችኋለን» የሚል ካለ ተዉት።

ከተማውን እንደ ሥራው ምረጡ። ፋይናንስና የውጭ ኩባንያ ከሆነ ሻንጋይ፣ ሉጂያዙይ አካባቢ። ቴክኖሎጂ ከሆነ የሼንጀኑ ናንሻን፣ የቤጂንጉ ጆንግጓንሱን ወይም ሃንጆ። ንግድና ዕቃ መላክ ከሆነ ጓንጆ፣ ከ1957 ጀምሮ በየዓመቱ በስፕሪንግና በፎል የሚካሄደው ትልቁ የካንተን ንግድ ትርኢት ያለበት ከተማ ነው።

ከመብረራችሁ በፊት ስልካችሁ

ይሄን ክፍል በደንብ አንብቡት። ቻይና ስትገቡ ጂሜይል አይከፈትም። ጉግል፣ ዩቲዩብ፣ ዋትስአፕ፣ ኢንስታግራም፣ ፌስቡክ አይከፈቱም። የመጋበዣ ደብዳቤው፣ የቤቱ አድራሻ፣ የባንኩ ኮድ ሁሉ ጂሜይል ውስጥ ከሆነ አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ትቆማላችሁ። ሁሉንም አትሙ። ስልክ ላይም አውርዱ። አድራሻውን በቻይንኛ ጽፋችሁ ያዙ፣ የታክሲ ሹፌር የእንግሊዝኛውን አያነብም።

የአሜሪካ ሲም ይዛችሁ በሮሚንግ ስትጠቀሙ መረጃው በአገር ቤቱ ኔትወርክ ዞሮ ስለሚመጣ የተዘጉት ይከፈታሉ። ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ይሄ ያድናል። የተዘጉትን የሚያስከፍተውን ቪፒኤን ብዙ ሰው ይጠቀማል፣ ግን ያልተፈቀደ ቪፒኤን በአገሩ ደንብ ክልክል ነው፣ በቢሮ ኮምፒውተር ላይ ደግሞ በጭራሽ እንዳትጭኑ። ለቤተሰብ ዊቻት የሚባለውን የቻይና የመልእክት መተግበሪያ አስጭኑላቸው። እናቴ ጋ ዊቻት የጫንኩት ከመሄዴ በፊት በነበረው እሑድ ነው፣ ቁጭ ብለን አንድ ሰዓት አሠለጠንኳት፣ አሥሩንም ሳምንት በየቀኑ ተያየን። ስትመዘገቡ ቀድሞ አካውንት ያለው ሰው እንዲያረጋግጥላችሁ ሊጠይቅ ይችላል፣ ስለዚህ አሜሪካ እያላችሁ ጨርሱት። በነገራችን ላይ ከኢስት ኮስት ጋር የሰዓት ልዩነቱ በሰመር 12 ሰዓት ነው። ኒውዮርክ ጠዋት 3 ሲሆን ቻይና ማታ 3 ነው። ቻይና ሰፊ ብትሆንም ሰዓቷ አንድ ነው።

ጥሬ ገንዘብ እዚያ ብዙም አይታይም። አሊፔይና ዊቻት ፔይ የሚባሉት የስልክ መክፈያዎች ላይ የአሜሪካ ቪዛ ካርድ ወይም ማስተርካርድ ማያያዝ ይቻላል። ከ200 ዩዋን በላይ ለሆነ ክፍያ 3 በመቶ ይቆረጣል፣ ስለዚህ ምሳና ሜትሮ ላይ አይሰማችሁም፣ የቤት ኪራይ ላይ ግን ይሰማል። ለባንኩ ቻይና እሄዳለሁ ብላችሁ ንገሩት፣ አለበለዚያ የመጀመሪያውን ክፍያ ማጭበርበር መስሎት ካርዱን ይዘጋዋል።

መድኃኒት የምትወስዱ ካላችሁ ማዘዣውን ከነዋናው ብልቃጥ ያዙ። እንደ አደራል ያሉ አምፌታሚን ያለባቸው መድኃኒቶች እዚያ ጥብቅ ቁጥጥር አለባቸው፣ ከመሄዳችሁ በፊት ከሐኪማችሁ ጋር አማራጭ ተነጋገሩ። ማሪዋና በስቴታችሁ ተፈቅዶ ቢሆን እንኳን እዚያ ወንጀል ነው። የጤና ኢንሹራንስ ሳትይዙ አትሂዱ፣ ሆስፒታል ብዙ ጊዜ ቅድሚያ ክፍያ ነው። የአሜሪካ ኤምባሲ የሚያውቃችሁ እንዲሆን ስቴፕ በሚባለው ምዝገባ ላይ ስማችሁን አስገቡ።

የመጀመሪያው ቀን ፖሊስ ጣቢያ ነው

ሆቴል ካረፋችሁ ሆቴሉ ይመዘግባችኋል። አፓርታማ ወይም ጓደኛ ቤት ከሆነ ግን በ24 ሰዓት ውስጥ ሰፈር ያለው ፖሊስ ጣቢያ፣ ፓይቹሱኦ የሚባለው፣ ሄዳችሁ መመዝገብ አለባችሁ። ፓስፖርት፣ የኪራይ ውል፣ ካስፈለገም አከራዩን ይዛችሁ ነው። ባትመዘገቡ እስከ 2,000 ዩዋን ቅጣት አለው። የሚሰጧችሁን ወረቀት ጠብቁት፣ ኋላ ብዙ ቦታ ይጠይቋችኋል። ቤት በቀየራችሁ ቁጥር እንደገና ነው። ኤክስ 1 ወይም ዜድ ይዛችሁ የገባችሁ ደግሞ በ30 ቀን ውስጥ የመኖሪያ ፈቃድ ማውጣት አለባችሁ። ፓስፖርታችሁን ይዛችሁ መንቀሳቀስም ሕግ ነው።

ቤት ስትከራዩ «ያ ዪ ፉ ሳን» የሚባል ነገር አለ። የአንድ ወር መያዣ፣ የሦስት ወር ኪራይ በቅድሚያ። ባንድ ጊዜ የአራት ወር ገንዘብ ማለት ነው። ለአሥር ሳምንት የሚመጣ ሰው በዚህ መንገድ ባይሄድ ይሻለዋል፣ የዩኒቨርሲቲ ዶርም ወይም ፕሮግራሙ የሚሰጠው ቤት ይቀልላል።

ቢሮ ውስጥ

አሁን ወደ ልብሱ። ባንክና የሕግ ቢሮ ካልሆነ በቀር ንጹሕ ሸሚዝና ሱሪ ይበቃል። የመጀመሪያውን ቀን ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ ልበሱ፣ ከዚያ ሌሎቹን አይታችሁ አስተካክሉ። አለቀ።

አጠራሩ ግን ቦታ ይፈልጋል። የቤተሰብ ስም ቀድሞ ይመጣል። አለቃው ዋንግ ከሆነ «ዋንግ ዞንግ» ነው፣ ዋና ዋንግ እንደማለት። በዕድሜ ትንሽ የምትበልጣችሁ ባልደረባ «ጂዬ» ትባላለች፣ እህቴ እንደማለት፣ ወንዱ «ገ» ይባላል። ልምድ ያለውን ሰው «ላኦሺ» ብሎ መጥራት ሁልጊዜ ያስከብራል፣ መምህር ማለት ነው፣ ባያስተምርም። የአሜሪካ ጓደኞቼ ይሄ ሁሉ ይከብዳቸው ነበር። እኔ ግን ጋሼና እትዬ እያልኩ ነው ያደግኩት፣ በሦስት ቀን ገባኝ። ራሳችሁ «ሺሺሸንግ» ትባላላችሁ፣ ኢንተርን ማለት ነው።

ሥራው ምንድን ነው? እንግሊዝኛ ማረም፣ ፓወርፖይንት፣ የኤክሴል ሠንጠረዥ፣ የገበያ ጥናት፣ የስብሰባ ማስታወሻ። ብዙ ቢሮ ውስጥ በየቀኑ ወይም በየሳምንቱ ምን እንደሠራችሁ አጭር ሪፖርት ትጽፋላችሁ። አትናቁት። አለቃችሁ በቀን አንዴ እንኳን ላያናግራችሁ ይችላል፣ የሚያውቃችሁ በዚያች ወረቀት ነው። ሥራ ሲያልቅ ጠረጴዛ ላይ ስልክ እየነካካችሁ አትጠብቁ፣ ዙሩና «የምረዳው ነገር አለ?» በሉ። እኔ ከሁሉ ያተረፍኩበት ሥራ የመጣው እንዲህ ብዬ ሂሳብ ክፍል ያለችውን ልጅ ስጠይቅ ነው፣ የፋፒያኦ ክምር አሳየችኝ። ፋፒያኦ መንግሥት የሚያውቀው ደረሰኝ ነው፣ የድርጅቱ ስምና የግብር ቁጥር ካልሰፈረበት ወጪው አይተካም። ሁለት ሳምንት እሱን ስለይ የድርጅቱ ገንዘብ ከየት ወዴት እንደሚሄድ አየሁ። ይሄን በስብሰባ ማንም አያሳያችሁም።

ሥራው የሚሄደው በዊቻት ነው፣ ወይም ዲንግቶክ አለበለዚያ ፌይሹ በሚባሉት የቢሮ መተግበሪያዎች። መልእክት ማታም ይመጣል። ፈጥኖ «ደርሶኛል» ማለት ባህል ነው፣ «ሾውዳኦ» በሏቸው። የሥራ ግሩፕ ውስጥ ፖለቲካ አትጻፉ፣ አትቀልዱም። የድርጅቱን ፋይል ወደ ግል ኢሜይል ወይም ፍላሽ አትላኩ። በ2023 የተሻሻለው የፀረ ስለላ ሕግ መረጃ አያያዝን በሰፊው ነው የሚያየው፣ እናንተ ለፖርትፎሊዮ፣ ለሥራ ማሳያ፣ ብላችሁ የምትወስዱት ሠንጠረዥ ችግር ሊያመጣ ይችላል። ለፖርትፎሊዮ የሚሆን ነገር ከፈለጋችሁ አስፈቅዱ።

ምሳ 6 ሰዓት ላይ ነው። ከዚያ መብራት ይጠፋል። አዎ፣ ይጠፋል። ሰው ጠረጴዛው ላይ ትራስ አድርጎ ይተኛል፣ ተጣጣፊ አልጋ ያለውም አለ። በዚህ ሰዓት ስልክ አታውሩ፣ ተኙ ወይም ውጡና ተራመዱ።

ስለ 996 ሰምታችኋል። በፈረንጅ ሰዓት ከጠዋቱ 9 እስከ ማታ 9፣ በሳምንት 6 ቀን ማለት ነው፣ በእኛ ከ3 እስከ 3። በኦገስት 2021 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤትና የሰው ኃይል ሚኒስቴር ሕገወጥ ነው ብለዋል። ልማዱ ግን ባንዳንድ ቢሮ አለ። ኢንተርን ሲሆኑ ብዙ ጊዜ ቀደም ብሎ መውጣት ይፈቀዳል፣ ግን ዝም ብላችሁ አትውጡ፣ የሚያሠራችሁን ሰው «እኔ ልውጣ፣ የቀረ ነገር አለ?» ብላችሁ ነው። ሌላ ያልጠበቅኩት ደግሞ የበዓል ማካካሻ ነው። ረዘም ያለ በዓል ሲሰጥ ቀኖቹ በአቅራቢያው ባለ ቅዳሜ ወይም እሑድ ሥራ ይካካሳሉ። እሑድ ጉዞ ከመያዛችሁ በፊት የዓመቱን ካላንደር እዩ።

አሁን ከሁሉ በላይ የማምንበትን ልንገራችሁ። ሁለተኛው ሳምንት ላይ ስብሰባ ተቀምጠናል። አለቃው ለአንድ ደንበኛ የተጻፈ የእንግሊዝኛ ደብዳቤ ስክሪን ላይ አወጣ። ስህተት አየሁና ወዲያው «ይሄ ልክ አይደለም» አልኩ። ልክ ነበርኩ። ክፍሉ ግን ጸጥ አለ። አለቃው ፈገግ ብሎ አለፈው። ከስብሰባው በኋላ የምታሠራኝ ሴት በቀስታ ጠርታ «ሁለተኛ እንዲህ ያለ ነገር ስታይ ለእኔ በዊቻት ጻፍልኝ» አለችኝ። ሚየንዚ የሚሉት ይሄ ነው፣ ሰው ፊት ያለ ክብር። ይሉኝታ ይመስላል፣ ግን አንድ አይደለም። ይሉኝታ ራሳችሁን የምትይዙበት ነው፣ ሰው ምን ይለኛል ነው። ሚየንዚ ግን ለሌላው የምትሰጡት ነገርም ነው። ሰውን ሰው ፊት ከፍ ስታደርጉት ሰጣችሁት ይባላል፣ ስታርሙት ወሰዳችሁበት። ከዚያ ቀን በኋላ የማያቸውን ስህተቶች ከስብሰባ በፊት ለብቻዋ መላክ ጀመርኩ። በአራተኛው ሳምንት ደብዳቤዎቹ ሁሉ ከመውጣታቸው በፊት በእኔ በኩል ማለፍ ጀመሩ።

«አይሆንም» የሚለውንም ፊት ለፊት አትሰሙትም። «ካኦሉ ካኦሉ»፣ እናስብበት፣ ይባላል። «ያንጂዩ ያንጂዩ»፣ እናጥናው፣ ይባላል። ቤት ውስጥ «እናያለን» ሲባል ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ልጅ ይሄን ለመረዳት አስተርጓሚ አያስፈልገውም። ሁለት ጊዜ ተጠይቆ ቀን ያልተቆረጠለት ነገር አልተፈቀደም ማለት ነው። ሦስተኛ ጊዜ አትጠይቁ፣ ሌላ መንገድ ፈልጉ።

የቢሮ እራት ይኖራል። ወደ በሩ ፊቱን ያዞረው ወንበር የጋባዡ ወይም የክብር እንግዳው ነው፣ የት ልቀመጥ ብላችሁ ጠብቁ። ስታጋጩ ብርጭቋችሁን ከትልቁ ሰው ዝቅ አድርጉ። ባይጂዩ የሚሉት አረቄ ኃይለኛ ነው፣ የማትጠጡ ከሆነ ከመጀመሪያው በሻይ አጋጩ፣ መሐል ላይ ከማቆም ይሻላል። ሰው ሳሕናችሁ ላይ ሥጋ ቢያኖርላችሁ ጉርሻ እንደማለት ነው፣ ፍቅር ነው። የምትጾሙ ካላችሁ «ዎ ቺ ሱ» በሉ፣ ከሥጋ የራቀ ነው የምበላው ማለት ነው። የቡድሃ እምነት ተከታዮች ስላሉ ነገሩን ያውቁታል። ግን አትክልት የሚመስለው ወጥ ውስጥ የተፈጨ የአሳማ ሥጋ ወይም የአሳማ ስብ ሊኖር ስለሚችል እንቁላልም ወተትም ሥጋም እንደማትበሉ በቻይንኛ የተጻፈ ወረቀት ስልካችሁ ላይ ያዙ። ፍልሰታ በሰመር መሐል ስለሚገባ ይሄ የማይቀር ነገር ነው። ባልደረቦቼ ነገሩ ሲገባቸው ምሳ ሲያዝዙ የእኔን ለብቻ ማዘዝ ጀመሩ፣ ሳልጠይቃቸው።

እንደኛ ዓይነት መልክ ላለው አሜሪካዊ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። «ከየት ነህ?» ይሏችኋል። «ከአሜሪካ» ስትሉ «እውነት? ከየት?» ይሏችኋል። ፎቶ የሚያነሳችሁ ሰው አለ፣ ፀጉር ሊነካ እጁን የሚዘረጋ አለ። አብዛኛው ከጉጉት ነው። የሚያቆስልም አለ፣ አንዳንድ ቦታ «ፈረንጅ የሚመስል ሰው ነበር የፈለግነው» ያሉኝ አሉ። እኔ የረዳኝ ሁለቱንም በግልጽ መናገር ነበር፣ አሜሪካዊ ነኝ፣ ወላጆቼ ከኢትዮጵያ ናቸው። ኢትዮጵያን ብዙ ሰው ያውቃታል፣ ስለ ቡናውና ስለ ባቡሩ ይጠይቃችኋል፣ ወሬ ይጀመራል። የሚያከብራችሁን ቢሮ ከማግኘታችሁ በፊት የማያከብር ካጋጠማችሁ ለፕሮግራማችሁ ተናገሩ፣ ዋጥ አድርጋችሁ አትቀመጡ።

ከመውጣታችሁ በፊት

ገና ሁለት ሳምንት ሲቀር «ሺሺ ጀንግሚንግ» የሚባለውን ጠይቁ። ኢንተርን እንደነበራችሁ የሚያረጋግጥ ደብዳቤ ነው። ስማችሁ እንደ ፓስፖርቱ፣ የጀመራችሁበትና የጨረሳችሁበት ቀን፣ ክፍሉና ሥራው ይጻፍበት። ከሁሉ በላይ የድርጅቱ ክብ ቀይ ማህተም ይረፍበት። ቻይና ውስጥ ፊርማ ብቻውን ብዙም አይቆጠርም፣ የሚቆጠረው ማህተሙ ነው። እሱን የሚይዘው ደግሞ አንድ ሰው ነው፣ ያ ሰው ፈቃድ ላይ ከሆነ ወይም ሌላ ከተማ ከሄደ ትጠብቃላችሁ። ሁለት ዋና ቅጂ አሠሩ፣ አንዱ ለዩኒቨርሲቲው ክሬዲት፣ አንዱ ለራሳችሁ። በእንግሊዝኛም በቻይንኛም ይሁን።

የዊቻት ቀሪ ሂሳባችሁን ተጠቀሙበት፣ የቤት መያዣችሁን ቁልፍ ከመመለሳችሁ በፊት ተነጋገሩበት፣ የክፍሉን ፎቶ አንሱ። ያሠራችሁን ሰው ለብቻው አመስግኑት፣ ከአሜሪካ ይዛችሁት የመጣችሁት ትንሽ ስጦታ ካለ ለዚህ ቀን አቆዩት፣ በሁለት እጅ ስጡ። እኔ የመጨረሻው ዓርብ ከሰዓት በኋላ ደብዳቤውን ይዤ ማህተሙን የምትይዘው ሴት ጠረጴዛ ጋ ቆሜ ነበር። ማህተሙን ቀዩ ቀለም ላይ ሁለት ጊዜ ጫነች፣ ወረቀቱ ላይ አሳረፈች፣ እርጥቡን ቀለም እፍ ብላ አደረቀችና በሁለት እጇ ሰጠችኝ።